የእሸት ቡናው ቀይ የት ገባ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ የገጠመንን እናካፍላችሁ። ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ ቡና ልናስተምር ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ፎቶ ኮፒ አድርገን ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። «ለለቀማ የደረሰው የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ሁሉም ጥቁር ነው!» አለን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አፈርን። ልጁ ከእናቱ ጋር እሸት ቡና ሲለቅም ያደገ ነው። ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቅበታል። ጥፋቱ የሥዕላችን ነው።

ለመሆኑ የአካባቢያችን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ካሮል ቤክዊዝና አንጄላ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት «አፍሪካን አርክ» በተባለው መጽሐፍ፣ ሃንስ ሲልቬስተርም ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው መጻሕፍት፣ በምዕራብ ኦሞ የሚኖሩት የሱርማ ወገኖቻችን ገላቸውን በአፈር ቀለም አስጊጠው ለዓለም ታይተዋል። ውበቱን አንክድም። ነገር ግን እንግዳ ሰው የሚያነሣው ዓይኑን ያስደነቀውን ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በየቀኑ የሚኖረውስ ኑሮ? አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ፣ እንሰት የምትፍቀው እናት፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ፣ ይህን ሁሉ ማን ያንሣው? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ስለለመድነው ፎቶ የሚነሣ ነገር አልመሰለንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ካሜራ የለንም» ይላሉ። ካሜራ ያለው ስልክ የያዝን ግን ጥቂት አይደለንም፤ የምናነሣው ራሳችንን ብቻ ሆነ እንጂ! በቀለም ማሳተም ገንዘብ ይጠይቃል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም ካርቶን ላይ የተለጠፈ አንድ ጥሩ ፎቶ ለብዙ ክፍል ይዞራል። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በአዲስ አበባ መጀመሯም፣ አገሩን ራሱ አንሥቶ የሚያሳይ ሰው እንዳለን ይመሰክራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ባለ ቀለም ፎቶ ይዘን እንመለስ እንላለን። አስቀድመን ባለቤቱን እናስፈቅድ፤ እሺ ካላለ እንተው። ከሥሩ ቦታውንና ሥራውን እንጻፍ፤ ለተነሣውም ሰው አንድ ቅጂ እንስጥ። መምህራኖቻችንም ከዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ጎን ትንሽ ቦታ ይፍቀዱልን።

ያ ልጅ ዳግመኛ ሲጠየቅ ጣቱን ቀዩ ላይ ያሳርፍ።