ነዳጁ ታገደ፤ ሶኬቱስ የት ነው?

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲናገሩ የውጭ ሚዲያዎች ኢትዮጵያን በዓለም የመጀመሪያዋ አገር አሏት። እኛም እንደ ውጭዎቹ ነገሩን በዜና ነው የሰማነው። በሌላው ዓለም ዜጎች ‹ነዳጅ ይብቃ› ብለው ሰልፍ ይወጣሉ፣ መንግሥት ያንገራግራል። እኛ ጋ መንግሥት ‹ይብቃ› አለ፣ ዜጋው ዝም አለ።

ውሳኔውን አንቃወምም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያውም ቦንድ እየገዛን ያቆምነው። ግን ይህ ኃይል ሰፈራችን ድረስ እንዴት እንደሚመጣ ማን ጠየቀን? እኛስ ማንን ጠየቅን?

ኮዬ ፈጬን እንውሰድ። የካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው። ቆጣሪው የየቤቱ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ግን የጋራ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ በየት ይሙላ? በመስኮት ገመድ ሊያወርድ ነው? ከደረጃው መብራት ቢሰካ ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍለው ብሎኩ በሙሉ ነው፤ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። አንድ ትራንስፎርመር የሚችለው ጭነትም የተወሰነ ነው። ምጣድ በሚጣድበት ምሽት ሁሉም መኪናውን ልሙላ ቢል ሰፈሩ ይጨልማል፣ የሱቆቹም ጄኔሬተር በናፍጣ ይነሳል።

ለነገሩ አብዛኛው ነዋሪ መኪና የለውም። ለእሱ የነዳጅ ነገር የታክሲና የአውቶቡስ ነገር ነው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሊትሩ ከ48 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 አጋማሽ ከ100 ብር አልፏል። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ጭማሪውን የሚከፍለው በኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ለኮዬ ፈጬ ንጹህ ኃይል ማለት ከሁሉ በፊት መሀል ከተማ የሚያደርስ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ማለት ነው።

‹አክቲቪስት› የሚለው ቃል በአገራችን ስሙ ጎድፏል። ፌስቡክ ላይ የሚጮህ ሰው ይመስለናል። ጎረቤታችን ኬንያ ግን ሌላ ነገር አሳይታናለች። ላሙ ላይ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊገነባ ሲል ዓሣ አጥማጆችና ነዋሪዎች ‹ሴቭ ላሙ› በሚል ተሰባስበው ጉዳዩን ወደ ብሔራዊ የአካባቢ ትሪቡናል ወሰዱት። ኮዬ ፈጬ ዕጣ በወጣበት ዓመት፣ ሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ትሪቡናሉ ፈቃዱን ሰረዘው። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሕዝቡ በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ነበር።

እኛ ደግሞ የምናስቆመው የከሰል ጣቢያ የለንም፤ የምናስጀምረው ነው ያለን። ለዚህ አዲስ ድርጅት አያስፈልግም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደር ሥልጣን ለባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ለጥበቃ ደመወዝና ለውሃ ሞተር ብቻ የምንሰበሰብበት ማኅበር በጋራ ማቆሚያው ላይ የራሱ ቆጣሪ ያለው መሙያ እንዲተከል ሊወስን ይችላል። ብሎኮች ተባብረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን የትራንስፎርመር አቅም፣ የትራንስፖርት ቢሮውን ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በፊርማ ሊጠይቁ ይችላሉ። ተከራዩም ይፈርም፤ አባል ባይሆንም በጨለማው የሚቀመጠውና ታክሲ የሚጠብቀው እሱ ነው።

አንዱ ደብዳቤ መልስ ላያገኝ ይችላል። ሃያ ብሎክ የፈረመበትን ግን መሳቢያ ውስጥ መክተት እንዲህ ቀላል አይደለም። የእናንተ ብሎክ ቀጣይ ስብሰባ መቼ ነው?