ሃምሳ ሎሚና አንድ ልብ

ዛሬ ስለ ፓርቲዎች አልጽፍም፤ ከፖለቲካ ግን አልወጣሁም።

የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከደጃችን እስከ ሰፈሩ ሱቅ ስንሄድ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጢጥ ትላለች። መንገደኛው የምትጫወት ይመስለዋል። እርሷ ግን ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስታጥፍ ትንፋሿ እንደሚመለስላት ማንም ሳያስተምራት ደርሳበታለች። ሐኪሞች ሕመሙን «ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት» ይሉታል፤ አብረዋት የተወለዱ አራት የልብ ጉድለቶች ናቸው። ደም ወደ ሳንባዋ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው፤ የልቧ ግድግዳም ቀዳዳ አለው። ስለዚህ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ወደ ሰውነቷ ይሰራጫል፤ ከንፈሯም ይጠቁራል።

«የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚሉኝ አሉ። እኔም አማኝ ነኝ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ባልቲሞር ውስጥ ይኸው ሕመም የነበረባት ሕፃን በቀዶ ሕክምና እፎይታ አግኝታለች። በ1954 ደግሞ በሚኒሶታ ጉድለቱ ልብ ተከፍቶ ተጠግኗል። መፍትሔው ከተገኘ ሰባ ዓመት ያለፈውን ነገር ዕጣ ፈንታ ብዬ አልጠራውም። ስሙ ወረፋ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ አባት «ፎቶዋን ከንፈሯ በጠቆረ ሰዓት አንሳ፤ ያኔ ሰው ይሰጥሃል» ብሎ መከረኝ። አነሣሁ። ልጄ ትንፋሽ አጥሯት ስታቃስት፣ እኔ አባቷ ብርሃን እያስተካከልኩ ነበር። የምጽፈው ከዚያች ሰዓት ኀፍረት ተነሥቼ ነው።

በአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ መድረክ ላይ አንድ ባለሥልጣን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው ተጨበጨበላቸው። ምሳሌው እውነት ነው። ግን እኛ ሎሚያችንን አልሰጠንም ወይ? ከደመወዛችን ሳይደርሰን የሚቆረጠው፣ በምንገዛው ዕቃ ላይ የምንከፍለው ግብር ምንድን ነው? ግብሩን ከሰበሰቡ በኋላ ዳግመኛ ሳጥን ማዞር ምን ይባላል?

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ፦ በዶክተር በላይ አበጋዝና በባልደረቦቻቸው ጥረት፣ በሕዝብና በለጋሾች መዋጮ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተውን የልብ ማዕከል አከብራለሁ። ከዚያ በፊት ሕፃናቱ ለቀዶ ሕክምና ባሕር መሻገር ነበረባቸው። ጠቤ ከለጋሱ ጋር አይደለም፤ የለጋሱን ደግነት የራሱ በጀት አድርጎ ከሚቆጥር መንግሥት ጋር እንጂ።

«ሀገር ድሃ ናት፤ ወባና ኩፍኝ ይቀድማሉ» ይሉ ይሆናል። ይቅደሙ። ነገር ግን ከመቶ ሕፃናት አንድ ያህሉ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ብዙው ጉድለት አንድ ጊዜ በወቅቱ ከተጠገነ ሕፃኑ አድጎ ራሱ ግብር ከፋይ ይሆናል። ወረፋም ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሰፊ የልብ ቀዳዳ ሳይዘጋ ዓመታት ካለፉ የሳንባ ደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የማይቻል ይሆናል። ማዘግየትም ውሳኔ ነው።

የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም። የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና በበጀት ሰነዱ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ከውጭ ለሚገዙት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ይቅደምላቸው፤ ወረፋውም በፎቶው አሳዛኝነት ሳይሆን በሕመሙ አጣዳፊነት ይወሰን።

ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ልጄ ግን ነገም ወደ ሱቅ ስንሄድ ቁጢጥ ትላለች።