በበጋ መንገድ ልጆችን ስለ ማስተማር

የኢሉባቦር ልጅ ዓይኑን በገለጠ ጊዜ የሚያየው ዛፍ ነው። ኖፓም ሆነ ያዮ፣ ሁሩሙም ሆነ መቱ፣ ምድሩ በደንና በቡና የተሸፈነ ስለ ሆነ ከአፈሩ በታች ያለው ዐለት ለዓይን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በጥርና በየካቲት፣ ዝናሙ በሚያንስበትና መንገዱ በሚደርቅበት ወራት፣ ከቤተሰቡ ጋራ ለመጓዝ ያሰበ አባት ልጆቹን እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ወስዶ ቢያሳያቸው መልካም መሆኑን ልናሳስብ እንወዳለን።

መንገዱ በበደሌ በኩል አድርጎ፣ በነቀምቴ ወይም በጅማ አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ወደ ሰሜን 185 ኪሎሜትር ያህል ሲጓዙ ጎሐ ጽዮን ይደረሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ቍልቍለትና ዳገት ነው፤ የገደሉም ጥልቀት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በማለዳ ከደጋው ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀው ከህዳሴ ድልድይ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል።

ብዙ መንገደኞች ግን ለማለፍ ብቻ ይቸኩላሉ፤ ልጆችም ተኝተው ያልፋሉ። ይህ የሚያሳዝን ነው። ከላይ ያለው ጥቍር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ በውስጡ ዛጎል ስለሚገኝበት አገሩ አንድ ጊዜ ባሕር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከዚያም በታች በአዲግራት ስም የሚጠራው ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። በትግራይ በገርዓልታ አባቶች ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። በአሜሪካ በዩታ የሚኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ገደል ለማየት በብርድ ወራት እንኳ ከሩቅ ይጓዛሉ፤ እኛ ግን በገዛ አገራችን ያለውን ዓይናችንን ጨፍነን እናልፈዋለን።

ይህን ሁሉ የቈረጠው ውሃ መሆኑን ልጁ ሲያይ፣ በቤቱ አጠገብ ያለውን የገባን ወንዝ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። ገባ ከብርብር ጋራ ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ የባሮም ውሃ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ገብቶ በካርቱም ከዓባይ ጋራ ይገናኛል። ዐለትን የሚቈርጥ ውሃ የተራቈተ አፈርን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወስድ ለልጁ ያስረዱት። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ኖፓንም የሚጨምረው የያዮ የቡና ደን ስለ ምን መጠበቅ እንደሚገባው ያን ጊዜ ያለ ብዙ ምክር ይገባዋል።

ነገር ግን ትምህርቱ በሕይወት መመለስን ያስቀድማል። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሾፌሮችና ከየአገሩ ሹማምንት መጠየቅ፣ ፍሬኑንና ጎማውን ማስመርመር፣ የመጠጥ ውሃ አብዝቶ መያዝ ይገባል። ፍሬን ሳያቋርጡ ቢረግጡት ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ቍልቍለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ መውረድ ያስፈልጋል። ማርሹን ከሥራ አውጥቶ ነዳጅ ለመቈጠብ መሞከር ቤተሰብን ለጥቂት ሳንቲም መሸጥ ነው። ለማየትም ሲቆሙ መኪናው ከመንገዱ ፈጽሞ ይውጣ፤ ልጆችም ከእናታቸው እጅ አይለዩ።

ለልጅ ርስትና ገንዘብ ማውረስ የተለመደ ነው። አገሩን አሳይቶ ማሳደግም ከውርስ ይቈጠራልና፣ በዚህ በጋ ልጆቻችሁን በገደሉ አፋፍ ላይ ከእንቅልፍ ቀስቅሷቸው።