143 ሺህ አሰልጣኝ ለአንድ ካርልሰን

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካታንጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ለመረዳት አይቸገርም። ካታንጋ ተቀምጦ አሰልጣኝ ያልሆነ ማን ነበር? «እሱን ቀይረው!»፣ «በግራ ሂዱ!» ሲባል ይዋላል፤ አሰልጣኙ ግን የራሱን ይሠራል። እስቲ ጩኸቱ በድምፅ ተቆጥሮ አብላጫ ያገኘው ሐሳብ ሜዳ ላይ ይተግበር ቢባልስ? እ.ኤ.አ በ2025 በቼዝ የሆነው ይኸው ነው።

ማግነስ ካርልሰን ከ2013 እስከ 2023 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ኖርዌጂያዊ ነው። (ኳስ ወዳዱ በሌላም ሊያውቀው ይችላል። በዲሴምበር 2019 ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በሚወዳደርበት ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ለጥቂት ጊዜ አንደኛ ነበር።) በተቃራኒው በኢንተርኔት የተመዘገቡ ከ143,000 በላይ ሰዎች ተሰለፉ። በኤፕሪል 4 ተጀመረ፤ ለአንድ እንቅስቃሴ 24 ሰዓት ይሰጣል። አዘጋጁ ቼስ ዶት ኮም ራሱ ካርልሰን በሰፊው ያሸንፋል ብሎ ነበር። በ2024 አናንድ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገጥሞ አሸንፏላ! የካርልሰኑ ግን ሜይ 19 ላይ በአቻ አለቀ። ሕዝቡ ንጉሡን ቼክ እያለ ያንኑ አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ አስደገመው፤ በሕጉ ይህ አቻ ነው።

«አማተሮች ተአምር ሠሩ» ተባለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ድምፅ በሚቆጠርበት ጨዋታ የሚያሸንፈው ለሁሉም የሚታየው እንቅስቃሴ ነው። ፈረሱን ሰውቶ ከስድስት እንቅስቃሴ በኋላ የሚያገኘውን ያሰበ ሰው ብቻውን ይቀራል። የአንዱ ደካማ ተጫዋች ስህተትም በብዙሃኑ ይዋጣል። ስለዚህ ሕዝብ ሲከላከል ግንብ ነው፤ በኳስ ቋንቋ አውቶቡስ አቁሟል። ካርልሰንም ሕዝቡ ጥሩ ተጫውቷል፣ ግን ደፋሩን መንገድ አልመረጠም የሚል አስተያየት ሰጥቷል።

የ1999ኙን ተመልከቱ። ጋሪ ካስፓሮቭ ከ50,000 በላይ ሰው ገጥሞ ነበር። አራት ወጣት አማካሪዎች ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ሕዝብ ይመርጣል። በ10ኛው እንቅስቃሴ የ15 ዓመቷ አይሪና ክሩሽ ንግሥቷን ወደፊት አውጥተን ሁለት ወታደሮችን በአንዴ እናስፈራራ አለች፤ ከዚያ በፊት ማንም ያልሞከረው ነገር ነው። ሕዝቡ ተከተላት! ሁለቱንም ወታደሮች በላ፤ በዚያው ግንቡን ሰጥቶ ፈረስ ወሰደ። ንጉሡም መሀል ሰሌዳው አካባቢ ቀረ። ለስንት ወር ማን እንደሚበልጥ አልታወቀም። ካስፓሮቭ ለየትኛውም ጨዋታ ይህን ያህል ደክሜ አላውቅም ያለው ለዚህ ነው።

መጨረሻው ግን አሳዛኝ ነበር። በ58ኛው እንቅስቃሴ የክሩሽ ምክር ሳይደርስ ዘገየና ሕዝቡ ሌላ መረጠ። በ62ኛው ተሸነፈ። ካስፓሮቭ በእሷም ምክር ቢሄዱ አሸንፍ ነበር ባይ ነው፤ ይሁንለት።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ውስጥ ካርልሰንን ራሱን የሚያሸንፍ ፕሮግራም አለ። በ1999 እንዲህ አልነበረም። ከ143 ሺህ ሰው ውስጥ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ስልኩን ያላማከረ ስንቱ ይሆን? አቻውን ተቀብዬ ውጤት ከተባለ ውጤት ነው እላለሁ። ደግመህ እይ ብባል ግን የማየው የተሸነፉበትን ነው።