የመራጭነት ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ዝቅ ቢል ለአርሲ ደጋ ወጣት ምን ይለወጣል?

የመራጭነት ዕድሜን ከ18 ወደ 16 ዓመት ማውረድ በበርካታ አገሮች አጀንዳ ሆኗል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988፣ ኦስትሪያ በ2007 ፈቅደዋል። በኢትዮጵያም ገደቡ ተለውጧል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት ይላል።

በኦስትሪያ የቪየናና የክሬምስ ከተሞች የመራጮች መዝገብ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ከ18 እስከ 20 ዓመት ካሉት በተሻለ መጠን ድምፅ መስጠታቸውን አሳይቷል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ ታዳጊዎቹ ገና በወላጆቻቸው ቤት መኖራቸው ነው።

በአርሲ ደጋ ሁኔታው ይለያል። ከገጠር ቀበሌዎች በርካታ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ አሰላ፣ ሳጉሬ ወይም በቆጂ ሄደው ቤት ይከራያሉ። ስንቃቸው ከቤተሰብ ይመጣል፤ ለአጨዳም ወደ ማሳው ይመለሳሉ። የምርጫ ሕጉ መራጩ በሚመዘገብበት የምርጫ ክልል ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ተማሪው የት ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ ከዕድሜው እኩል ያከራክራል።

የዕድሜ ማስረጃም ሌላ ፈተና ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በወላጅና በጎረቤት ትውስታ ነው።

ለውጡ በሕግ በኩልም ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 105 መሠረት አንቀጽ 38ን ለማሻሻል ጨፌ ኦሮሚያን ጨምሮ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚመረጠው አካል ጉዳይ አለ። ለአርሶ አደሩ ቅርብ የሆነው የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወቅት 16 ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ መሬት ይዞ ግብር ይከፍል ይሆናል፤ የቀበሌ ምክር ቤቱን ግን አንድ ጊዜም አልመረጠም። የዕድሜ ቅነሳን ውጤት በአገራችን የሚያጠና ሁሉ ይህን ትውልድ ቢጠይቅ፣ 18 ዓመት መሙላት ብቻውን ምን ያህል እንደጠቀመው ከእርሱ ይሰማል።