የሴኔቱ ወንበርና «አርፈህ ተማር» የሚለው ምክር

ከደብረ ሲና ጀምሮ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ይፋት ቆላ ድረስ ባለው አገራችን፣ አንድ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምደባው በደረሰው ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ይመርቀዋል። ከምርቃቱም ቀጥሎ የማይቀር ምክር አለ፤ ይኸውም «አርፈህ ተማር፤ በማያገባህ አትግባ» የሚለው ነው። ልጁም ምክሩን ተቀብሎ፣ ቆሎውን ቋጥሮ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተማሪዎች ምርጫ ሲደርስ፣ ለኅብረቱ አመራር ወይም በሴኔቱ ለተማሪ ለተመደበው ወንበር ተወዳደር ቢሉት «እኔ በማያገባኝ አልገባም» ብሎ ይመልሳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንሟገተው የፈለግነው ይኸንኑ ምክር ነው፤ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ግን አንክድም።

ወላጅ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥላሁን ግዛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱም አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኩሶ ሌሎችም ወደቁ። የቀይ ሽብሩ ዘመን ያጠፋውን ወጣት እዚህ መቍጠር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ያውቃል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባነሡት ጥያቄ ምክንያት በከተማው በተፈጠረው ሁከት ከሠላሳ በላይ ሰው ሞተ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ብጥብጡ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይኸን ሁሉ ያየች እናት «አርፈህ ተማር» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። የ1993ቱ ተማሪዎች የጠየቁት ምን ነበር? ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ ነፃ የሆነ የራሳችን ማኅበር ይኑረን ነው ያሉት። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንግዲህ የሚናገርልንን ሰው እኛው እንምረጥ የሚል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተፈጠረው ጠብ ደግሞ ተማሪው በየብሔሩ ተከፍሎ የተፋጠጠበት ነው። እንደዚያ ባለው ሰዓት ሁለቱም ወገን «ይህ የኛ ተመራጭ ነው» ብለው የሚሰሙት ሰው ቢኖር ምን ያህል በጠቀመ! እንዲህ ያለውን ሰው ግን ጠቡ ከተነሣ በኋላ ከየት ያመጡታል? ቀደም ብሎ በሰላም ጊዜ፣ በተራ ጉዳይ ታይቶና ተፈትኖ መመረጥ ነበረበት። ስለዚህ ወላጅ የሚፈራውን አደጋ የሚያርቀው ልጁ ከምርጫ መራቁ አይደለም።

«አያገባህም» የሚለውም ቃል ቢሆን ከእውነት የራቀ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የሚበላበትንና የሚያድርበትን ወጪ እንዲሁም ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15ቱን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ፈርሞ ይገባል። ዕዳውን የፈረመ ሰው ስለ ገዛው ነገር ቢጠይቅ እንዴት አያገባውም ይባላል? ቀጣሪው ከደመወዙ ሲቈርጥበት ያገባዋልና።

ሴኔት የሚባለው ጉባኤ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ነገር የሚቈረጥበት ነው። የትምህርቱ ዝርዝር፣ የፈተናው ደንብ፣ የሚያሳልፈውና የሚያሰናብተው ውጤት፣ የምረቃው ነገር ሁሉ በዚያ ይታያል። ለእኛ አገር ልጅ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን በደረሰበት ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ የተፈናቀለበትና ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያለው ተማሪ በምን ሁኔታ ይመለስ፣ ያመለጠው ፈተና ምን ይሁን ተብሎ በሚመከርበት ስፍራ፣ ነገሩን ከተማሪው ወገን ሆኖ የሚያስረዳ ሰው መኖሩና አለመኖሩ አንድ ነውን? የመኝታ ቤቱ ጉዳይ ሴኔት የሚደርስ ባይሆንም በኅብረቱ በኩል የሚሄድ ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥቶ፣ በ2,800 ሜትር ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ብርድ የሚያድር ልጅ፣ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

«አንድ ወይም ሁለት ተማሪ በዚያ ሁሉ ዲንና ፕሮፌሰር መካከል ተቀምጦ ምን ይፈይዳል? ድምፁ ይዋጣል» የሚሉ አሉ። በድምፅ ብልጫ ይሸነፋል፣ እውነት ነው። ሆኖም የወንበሩ ጥቅም እጅ በማውጣት ብቻ የሚለካ አይደለም። አጀንዳው አስቀድሞ በእጁ ይገባል፤ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ያነበዋል፤ የጠየቀው ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ የሰማውንም ለመረጡት ይነግራል። ይኸ ነገር የእኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። በጥንቱ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሬክተሩን የሚመርጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ በአርጀንቲና በኮርዶባ ከተማ በ1918 እ.ኤ.አ. የተነሡትም ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ውስጥ መቀመጥን ጠይቀው፣ ጥያቄያቸው በላቲን አሜሪካ ሁሉ ተስፋፍቷል።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚሸሹት ነው። የሚወዳደሩትም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። በየግቢው ምርጫ ሲመጣ የብዙው ተወዳዳሪ ቅስቀሳ «የአገርህ ልጅ ነኝ» ከሚለው አያልፍም። የይፋት ልጅ የይፋትን፣ የመንዝ ልጅ የመንዝን፣ ሌላውም የራሱን ብሔር ቈጥሮ ይደምራል፤ ድምሩ የበለጠለት ያሸንፋል። ይኸ ቈጠራ እንጂ ምርጫ አይደለም።

ገበሬው ወገናችን በዚህ ረገድ ከተማሪው የተሻለ ብልሃት አለው። በወንዝ ጠለፋ በሚለማበት አገር ገበሬዎቹ ተሰብስበው የውሃ አባት ይመርጣሉ። የውሃ አባት ሥራው የመስኖውን ተራ ማደላደል ነው። ሲመርጡትም ቦዩን ያውቃልን፣ ሌሊት ተነሥቶ ያያልን፣ ለዘመዱ ያደላልን ብለው ይመረምራሉ። ሽንኩርቱና ማሾው ውሃ ጠምቶት ሲጠወልግ የአጎት ልጅነት እንደማያጠጣው ያውቃሉና። ተራ አዛብቶ ለወገኑ የለቀቀ እንደ ሆነ በጉባኤ ይወቀሳል፤ ይሻራልም። ታዲያ ይኸን እያየ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ተወካዩን በትውልድ መንደሩ የሚመርጠው ምን ተምሮ ነው?

ስለ ጥላሁን ያነሣነውን እንጨርስ። ጥላሁን በ1961 ዓ.ም. ለዚያው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኰንን ቢሻው ተሸንፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ተወዳደረና አሸነፈ። ዛሬ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ተማሪ አፍሮ ሲደበቅ፣ አለዚያም ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ወገኑን ሲያነሣሣ እናያለን። ከዚህም ሌላ ጥላሁን እኅቱ ለልዑል መኰንን የተዳረች፣ ከመሳፍንት ቤት የተወለደ ሰው ነበር፤ የመረጡት ግን የቆመለትን ዓላማ አይተው እንጂ ትውልዱን ቈጥረው አልነበረም። «የብሔር ጥያቄ እኮ ያን ጊዜም ነበረ» የሚለን ቢኖር፣ አዎን፣ ነበረ። ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ የወጣው በዚያው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው። ዋለልኝ ግን ያሰበውን በጽሑፍ አውጥቶ፣ የፈለገ እንዲከራከረው አቀረበው። በሐሳቡ መስማማትና አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። በጽሑፍ የቀረበ ሐሳብ መልስ ሊሰጠው ይቻላል፤ ለወንዝ ልጅነት ግን ምን መልስ ይሰጡታል?

ለባለ ሥልጣኖችና ለመምህራንም ጥቂት እንጨምር። ዝም የሚል ተወካይ የሚመች ይመስላል። ስለዚህም በአንዳንድ ስፍራ ምርጫው ከመድረሱ በፊት «ጨዋ ልጅ» ተፈልጎ ይዘጋጃል፤ ድምፅ መስጠቱ ለይምሰል ይሆናል። እንዲህ ተሹሞ የመጣውን ተወካይ ተማሪው አያምነውም፤ ችግርም በተነሣ ጊዜ «አረጋጋልን» ተብሎ ሲላክ የሚሰማው አያገኝም። አስተዳደሩም በዚያ ሰዓት የሚያነጋግረው ሰው አጥቶ ወደ ፖሊስ ስልክ ይደውላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ በየዓመቱ ጠቅሰነዋል።

የምንጠይቀውም ከባድ አይደለም። የምርጫው ቀን በፈተና ሳምንት አይዋል። ተወዳዳሪዎቹ በአዳራሽ ቀርበው፣ በሴኔቱ ደንብ ላይ ጥያቄ ይጠየቁ፤ ደንቡን ያላነበበ ያኔ ይታወቃል። ከሴቶቹ መኝታ ቤት የሚነሣውን የመብራትና የውሃ ጥያቄ ሴት ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ያቅርቡት እንጂ በወንድ አፍ አይነገርላቸው። የተመረጠውም ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ የተወሰነውንና እርሱ የተናገረውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በምግብ አዳራሹ በር ላይ ይለጥፍ። ሁለት ጊዜ ሳይለጥፍ የቀረ እንደ ሆነም የመረጡት ጠርተው ይጠይቁት።