ሁለት ሲኖ ጥቁር አፈር

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ቤት የሠሩ ወዳጆቼ ስልክ ይበዛል። አንዱ ሱሉልታ ነው፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዷ ሰበታ። የሁሉም ጥያቄ «ግቢው ውስጥ ምን ልትከል?» የሚል ነው። ሦስቱን ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር የሚል አንድ ስም ቢያሰባስባቸውም፣ ለጎመንና ለድንች ግን ሦስት የተለያየ አገር ናቸው። ስለዚህ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ግቢህ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?» «አፈር ላይ ነዋ!» ብሎ የማይስቅ የለም። ሲቆፈር የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ገረጋንቲ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ዘር ሳይታሰብ፣ ችግኝ ሳይገዛ፣ ገና መሠረት ሲቆፈር ነው። መሐንዲሱ ጥቁሩን አፈር ያስወጣል፤ ልክም ነው። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥር ሜዳውን ያቋረጠ ሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይቷል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ በቀጥታ የተጣለ መሠረት ውሎ አድሮ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ወጥቶ ገረጋንቲ ይገባል፣ ውኃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። እስከዚህ ድረስ ከመሐንዲሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከግድግዳው ወዲህ ነው። ቁፋሮው የቤቱን ልክ ጨርሶ አይቆምም፤ ማሽኑ አንዴ በሰዓት ተከራይቷልና «እግረ መንገዱን» እየተባለ ግቢው በሙሉ ይጠረጋል፣ ግቢው በሙሉ በገረጋንቲ ይሞላል። በላዩ ታይልስ ወይ ኮብልስቶን ይነጠፍና ጥግ ላይ «ለአትክልት» ተብላ አንዲት ጠባብ ቦታ ትቀራለች። እሷም ከሥሯ ገረጋንቲ ናት።

እስቲ እናስላው። ከቤቱ የተረፈ 100 ካሬ ግቢ ቢኖር፣ የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ 30 ሜትር ኪዩብ ነው። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይጭናል። ሁለት ሲኖ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ያንን አስጭኖ ለማስጣል በምልልስ ይከፍላል። ቤቱ ተመርቆ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ «ግቢው ትንሽ አረንጓዴ ይሁን» ሲባል ደግሞ ችግኝ መሸጫ ሄዶ ጥቁር አፈር በጆንያ ይገዛል። የራሱን አፈር በገንዘቡ ጥሎ የሌላ ሰው አፈር በገንዘቡ ይገዛል። ከዚህ የባሰ ንግድ ካለ ይነገረኝ።

የተጣለው ደግሞ ተራ አፈር አይደለም። አንድ ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለመፈጠር በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ይወስዳል። እነዚህ ሰፈሮች ትናንት የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የከብት መዋያና የሣር ሜዳ ነበሩ። በተለይ የአርሶ አደር ቤት የነበረበት ቦታ ከሆነ አፈሩ ወርቅ ነው። ገበሬ ጎመኑንና ጌሾውን ከቤቱ ጀርባ የሚተክለው ለቅርበቱ ብቻ አይደለም፤ የምድጃው አመድ፣ የጋጣው እበት፣ ገለባውና ጥራጊው ሁሉ የሚደፋው እዚያው ጓሮ ስለሆነ ነው። የአፈር ባለሙያዎችም ሲለኩ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ የዳበረ ነው።

ቡራዩ ውስጥ አሁን ጂ ፕላስ ሁለት የቆመበት ቦታ ላይ ልጅነታቸውን ያሳለፉ አንዲት ጎረቤት አሉኝ። ቁፋሮው በተጀመረ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው አጥሩ ዳር ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእናቴ በረት ነበር» አሉኝ፤ «ይሄን አፈር ወዴት ሊወስዱት ነው?» የሲኖውን ሾፌር ጠየቅሁላቸው። «ጣል ተብያለሁ፣ እጥላለሁ» አለኝ። እማማ ወደ ቤታቸው ገብተው ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ወጡ፤ አካፋም ተዋሱ። ከሁለት ሲኖው ውስጥ የተረፈው እሳቸው በከረጢት ያስቀሩት ብቻ ነው። የመንደሩ ምርጥ ቆስጣ ዛሬ እሳቸው ጋ ነው።

ወዴት እንደሚሄድማ ይታወቃል፤ የሚጣለው ቦረቦር ውስጥና ወንዝ ዳር ነው፤ ከዚያ ክረምቱ ይረከበዋል። የእንጦጦ ሸንተረር ውኃ ይከፍላል። የሱሉልታው ጎርፍ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የቡራዩና የሰበታው ወደ አዋሽ። ከቡራዩ በኩል የሚወርደው በትንሹ አቃቂ አልፎ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች አንዱን ደለል ምን እንዳደረገው አይተናል።

አፈሩ አንዴ ከሄደ በኋላ ያለው ሥራ ዶማና ትዕግሥት ይጠይቃል። ገረጋንቲ ላይ የተተከለ ቆስጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይገረጣል። ነቅላችሁ ብታዩት ሥሩ ወደ ታች መውረድ ተስኖት ወደ ጎን ተኝቷል፤ ከሱ ጋር የብሎኬት ስብርባሪ፣ የማሰሪያ ሽቦ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ይወጣል። ከላዩ ሦስት ጣት አፈር መበተን አያድነውም። መደቡን ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ገረጋንቲውን ማውጣት፣ በምትኩ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ መሙላት ነው ያለው። ትኩስ እበት ችግኝ ያቃጥላል። ሱሉልታ የወተት አገር ናትና ፍግ አይጠፋም፤ ችግሩ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ መግባቱ ነው። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የጎመን ግንድ ግን የማንም ምድጃ አይሻማባቸውም።

አሁን ወደ ተከላው። ለበልግ ከሁሉ የማስቀድመው ድንች ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ እንደሆነ ይነገራል። ደገኛው በቶሎ ተቀበለው፤ ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ቅጠልና ግንዱን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው፣ አየርላንድን በ1840ዎቹ ያስራበው በሽታ እዚህም አለ። ከዓመቱ ዝናባችን ግማሽ ያህሉ በእነዚያ ሁለት ወራት ስለሚወርድ በሽታው ይመቸዋል። በየካቲትና በመጋቢት የተተከለ ድንች ግን ሰኔ ላይ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በሽታው ሲበረታ ማሰሮ ውስጥ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2002 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ያወጣቸውን ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉ ዝርያዎች ያገኘ ሰው እነሱን ያስቀድም። ዘሩን ጨለማ ውስጥ አታብቅሉት፤ ነጭና ረጅም ሆኖ የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ብርሃን ያለው ቦታ ሲቀመጥ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ይይዛል።

ሱሉልታ ላይ የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውኃ መተኛትና ውርጭ። ለውኃው መደቡን ከፍ አድርጎ በጎንና በጎኑ ቦይ ማውጣት ነው። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ጥቁር አፈራቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ በእጁ እያፈሰ ሰፊ መደብ ሲሠራ ነው የኖሩት፤ ተመራማሪዎችም የተማሩት ከነሱ ነው። ውርጩ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚመጣ ቲማቲምና ቃሪያ ሱሉልታ ላይ ቁማር ነው። ሰበታ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ትንሽ ትሞቃለች፤ ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ የሚያገኝ ቃሪያ እዚያ ይሞከር። ግን የሰበታም ሆነ የቡራዩ ሰው ፋብሪካ አልፎ የመጣ የወንዝ ውኃ ጎመኑ ላይ እንዳያፈስ። በአቃቂ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ ለዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ያንን አጥቦ ማስለቀቅ አይቻልም። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በርሜል ውስጥ መቀበል ይሻላል፤ የቧንቧው ፈረቃ የሚታመን አይደለም።

ጎመንን በተመለከተ ንቀታችን ይገርመኛል። መስከረም ሲጠባ «ጎመን ምንቸት ውጣ፣ ገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን የምናባርረው የክረምት ችግር ስለሚያስታውሰን ነው። ይሁንና የሐበሻ ጎመን ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ ዘር አይጠይቅም፤ የዚሁ ደጋ ተወላጅ ነው፣ ብርዱንም ጭቃውንም ይችላል። አንድ ሁለት እግር ሳይቀጠፍ አብቦ ፍሬ እንዲይዝ ቢተው የከርሞው ዘር ከግቢ አይወጣም። መጋቢት ላይ ችግኙ ከተተከለ ለሰኔ ጾም ሳይሆን ገና በግንቦት መቅጠፍ ይጀመራል። ክሽክሽ ከወረረው ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ አመድ መነስነስ የቆየ ዘዴ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ፣ በ2015 የሌማት ትሩፋት መጥተዋል፤ ችግኝ ይቆጠራል፣ ዶሮ ይቆጠራል። አፈር የሚቆጥር ግን አላየሁም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ስለ ግቢው አፈር አንዲት መስመር ብትጻፍ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር፦ የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ለብቻው ተገፍፎ እዚያው ግቢ ይቆይ፣ ገረጋንቲ ከቤቱ ልክ አይለፍ። ለከተማው አስተዳደር አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ ለባለቤቱም የሲኖ ምልልስ ይቀንስለታል። ፎርማኖች «ክምሩ ቦታ ይይዝብናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይይዛል። አሸዋና ጠጠሩም ይይዛል፤ ማንም ግን አሸዋውን ቦረቦር ውስጥ ድፉ አይልም። ክምሩን አጥር አስጠግቶ፣ ከሰው ወገብ ሳያልፍ ዘርጋ አድርጎ ሰኔ ላይ ባቄላ መዝራት ይቻላል። ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል፣ ክረምቱም አያጥበውም። ልስን ሠሪዎቹ መስከረም ላይ ሲመጡ ደግሞ ለእሸቱ ይደርሳሉ።